«የቡዳ ሀብል» ወይስ «የዓይን ዶቃ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እስራኤል፣ ነታንያ ነው። ሰማያዊ የዓይን ዶቃ ያለባቸውን የአንገትና የእጅ ጌጦች፣ «ሃምሳ» የሚባለውን የመዳፍ ቅርጽም ጭምር በኢንተርኔት እሸጣለሁ። ከደንበኞቼ መካከል አማርኛ ብቻ የሚያነቡ እናቶች ስላሉ ማስታወቂያውን በዕብራይስጥም በአማርኛም እጽፋለሁ። መጀመሪያ «የቡዳ ሀብል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ እናቴ አይታ «ይህን ነገር አሁኑኑ አጥፊው!» አለችኝ። «የክፉ ዓይን ሀብል» ብዬ ስቀይረው ደግሞ አንዲት ደንበኛ «ክፉ ዓይን ገዝቼ ምን ላደርገው ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ታዲያ «ክታብ» ልበለው? ትክክለኛው አማርኛ የቱ ነው?

መልስ፦ እናትዎም ልክ ናቸው፣ ደንበኛዋም ልክ ናት።

በእናትዎ ልጀምር። የዕብራይስጡ «ዓይን ሃራዕ»፣ የዐረብኛው «ዐይን»፣ የቱርክኛው «ናዛር»፣ የግሪክኛው «ማቲ» ሁሉም ስማቸው ከዓይንና ከማየት የመጣ ነው። ናዛር ራሱ ዐረብኛ ነው፤ እይታ ማለት ነው። በእነዚያ አገሮች እምነት ጎጂው ዓይን የማንም ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤት፣ የአክስት፣ ሕፃኑን ከልቧ ወዳ «ሲያምር!» ያለች እንግዳም ቢሆን። አንድ ጊዜ አይቶ ማለፍ ይበቃል፤ ተመልካቹም ላያውቀው ይችላል። የግሪክ አሮጊት ሕፃን ካደነቀች በኋላ «ፍቱ ፍቱ ፍቱ» የምትለው ከራሷ ዓይን ልትጠብቀው ነው። የእኛዎቹም «እትፍ፣ እትፍ» ይላሉ።

ቡዳ ግን እይታ አይደለም፣ ሰው ነው። ግሱን ልብ ይበሉ፤ «ቡዳ አየው» ብሎ የሚያዝን የለም፣ «ቡዳ በላው» ነው የሚባለው። የታመመውም «ተበላ»። ጤና አዳም ያሸትቱታል፣ ያጥኑታል፣ መለፍለፍ ሲጀምር ደግሞ «ማን ነህ? የት አገኘኸው?» እያሉ የበላውን ሰው ስም ያስጠሩታል። እንግዲህ ነገሩ የሚያበቃው አንድ ጎረቤት ላይ ጣት በመቀሰር ነው። ቡዳነት በዘር ይወርዳል፣ ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ስለሚታመን ስሙ አንዴ ከተለጠፈ የልጅ ልጅን እንኳ አይለቅም። የሚለጠፈውም በአብዛኛው ብረት በሚቀጠቅጡና ሸክላ በሚሠሩ ሰዎች ላይ ነበር፤ «ጠይብ» የሚለው ቃል ባለእጁንም ቡዳውንም ሲጠራ የኖረው ለዚህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር ሲያውጁ ከጠቀሷቸው ስድቦች አንዱ ብረት ሠሪውን «ጠይብ» ማለት ነው። በጎንደርና በዙሪያው ደግሞ ብዙዎቹ የቤተ እስራኤል ወንዶች ቀጥቃጮች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። እናትዎ ለምን እንደደነገጡ ከዚህ በላይ ማብራራት አይጠበቅብኝም።

አዲስ አበባ ላይ ዛሬ ወጣቶች አንዱ የሌላውን አዲስ ስልክ አድንቆ ወዲያው ስልኩ የወደቀ እንደሆነ «አንተ ቡዳ!» ተባብለው ይሳሳቃሉ። ቃሉ በእነሱ አፍ ለስልሷል። የተሰደቡበት ሰዎች ጆሮ ላይ ግን አልለሰለሰም፤ ነታንያ ላይ ለሚነበብ ማስታወቂያ በፍጹም አይሆንም።

ወደ «ክፉ ዓይን» እንለፍ። ሐረጉ አማርኛ አይደለም አልልም። «በክፉ ዓይን አየኝ» እንላለን፤ ጠላኝ፣ ተንኮል አሰበብኝ ለማለት። ግን በዚህ አገባቡ የሚናገረው ስለ ሰውየው ልብ ነው፣ ከዓይኑ ወጥቶ ስለሚያሳምም ኃይል አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቢያዩ ይህን በደንብ ይረዱታል። የግሪክኛው ወንጌል ዓይንን «ክፉ» የሚልባቸው ቦታዎች አሉ። አማርኛው በማቴዎስ 6፥23 «ዓይንህ ግን ታማሚ ብትሆን» አለ። በማቴዎስ 20፥15 የወይኑ ባለቤት ለሚያጉረመርመው ሠራተኛ «ወይስ እኔ መልካም ስለ ሆንሁ ዓይንህ ምቀኛ ናትን?» ይለዋል። በማርቆስ 7፥22 ደግሞ ዓይን ጭራሽ ቀርቶ «ምቀኝነት» ብቻ ተጻፈ። ተርጓሚዎቹ «ክፉ ዓይን» ብለው ማለፍ ይቀላቸው ነበር፤ አማርኛቸውን ያውቁ ስለነበር አላደረጉትም። «ዓይንህ ምቀኛ ናትን» የሚለው እስከ ዛሬ ከማደንቃቸው ትርጉሞች አንዱ ነው።

ደንበኛዋን ያሳቃት ግን ሌላ ነው፤ ጥፋቱ የ«የ» ነው። «የወባ መድኃኒት» ወባን ያድናል፣ «የወባ ትንኝ» ወባን ያመጣል። «የ» ራሷ ወዴት እንደምታደላ አትናገርም፤ የሚናገረው ተከትሏት የሚመጣው ስም ነው። «ሀብል» ደግሞ አያድንም፣ አያመጣም፤ ዝም ያለ ስም ነው። ስለዚህ «የክፉ ዓይን ሀብል» ያለ ሰው ክፉ ዓይን የተሰካበት ሀብል የሚሸጥ ይመስላል። አቅጣጫውን የሚያሳይ ቃል ይጨመርበት፦ መጠበቂያ፣ መከላከያ።

«ክፉ» የሚለውንም ይተዉት። ሕዝቡ የሚለው «የሰው ዓይን» ነው። «የሰው ዓይን ፈርቼ አልለበስኩትም»፣ «ልጁ ሰው ዓይን ውስጥ ገባ» እንላለን፤ ዓይኑ ክፉ መሆኑን «የሰው» የሚለው ቃል ብቻውን ይነግረናል። ሙስሊሙ ዘንድ ያለው «ዓይነ ናስ»ም ያው ነው፤ ናስ በዐረብኛ ሰዎች ማለት ነው። ከዚህ ጋር «ዓይነ ጥላን» እንዳያምታቱት። ዓይነ ጥላ የሌላ ሰው እይታ ሳይሆን ሰውን ተጣብቆ ዕድሉን ያጨልማል የሚባል መንፈስ ነው፤ ሥራ ያጣ፣ ትዳር እምቢ ያለው ሰው «ዓይነ ጥላ አለበት» ይባላል። ዶቃ ሻጭ ባይነካው ይሻላል።

አሁን ክታብ። «ከተበ» ጻፈ ማለት ነው፤ ሐኪም ቤት ያለው «ክትባት»ም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ የሌለበት ነገር ክታብ አይባልም። ደብተራው ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆርጠዋል። ከአንድ ቆዳ ያን ያህል ርዝመት ስለማይገኝ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ቁራጭ በጅማት ይሰፋል። አርእስቱንና የባለቤቱን የክርስትና ስም በቀይ ቀለም፣ ጸሎቱን በጥቁር ይጽፋል። ከጽሑፉ መሐል ጠልሰም ይገባል፤ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ በመካከሉ ፊት፣ ዙሪያውን ትልልቅ ዓይኖች። ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ወይም በብር ማኅደር ይከተትና አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ አሸንክታብ የሚባለው ይህ ነው። ከጸሎቶቹ አንዱ ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሲሄድ ዓይኗ እንደ ወርቅ የሚያበራ፣ ከአፏ እሳት የሚወጣ አሮጊት እንዳገኙ ይተርካል። ስሟ «ዐይነት» ነው። የዛሬ አንባቢ ይህን ስም ሲያይ «የምን ዓይነት?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ አይፈራም፤ ዛሬ በገበያ ቋንቋ «ዓይነት» የጨርቅና የቡና መለያ ነውና።

ጠልሰም ካልኩ ዘንድ፣ ለሰማያዊው ዶቃ በሥራው የሚቀርበው የአማርኛ ቃል እሱ ነበር። ዶቃው ላይ ያለው ዓይን የሚሠራው ጠልሰሙ ላይ ያሉት ዓይኖች የሚሠሩትን ነው፤ የሚመለከተውን መልሶ ያየዋል። እኔ ቃሉን እወደዋለሁ፤ ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታም በሥዕሎቹ አዲስ ሕይወት ሰጥቶታል። ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም እናት ግን «ጠልሰም ይግዙ» ሲባል ጥንቆላ ነው የምትሰማው፤ ገበያዎን ይዘጋብዎታል። «ጨሌ»ም እንዲሁ ነው፤ የመስታወት ዶቃ ቢሆንም ዛርና አድባር ይዞ ይመጣል። «ዶቃ» ግን ማንንም አያስቀይምም።

እንግዲህ «ከሰው ዓይን መጠበቂያ ዶቃ» ይበሉት። ማስታወቂያው ላይ ቦታ ከጠበበ «የዓይን ዶቃ» ይበቃል፤ «የ» እዚህ ቅርጹን ትናገራለችና ማንም አይስቅብዎትም። ዓለም አቀፍ ስሙን የሚፈልግ ካለ «ናዛር» ብለው ያክሉበት፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስልክ ኢሞጂዎች ውስጥ በዚሁ ስም ስለገባ ወጣቶቹ ያውቁታል። «ዓይን»ን በዓይኑ ዓ ይጻፉት፤ በ«አ» የሚጽፉም ሞልተዋል፣ አልጣላቸውም።

መዳፉን በተመለከተ ፊደሉ ላይ ይጠንቀቁ። በዐረብኛ «ኸምሳ» አምስት ነው፣ የአምስቱ ጣት። የእኛ አምስትም የዚያው ዘመድ ነው፤ በግእዝ «ኀምስቱ» ሲሆን አማርኛ ላይ ሲደርስ የፊቱን ድምፅ ጥሎታል። ድምፁ የቀረው በዐሥር እጥፉ በ«ሃምሳ» ላይ ነው። ስለዚህ «ሃምሳ ሀብል በ120 ሼቄል» ብለው ከጻፉ ሃምሳ ሀብል የሚጠይቅ ደንበኛ ቢመጣ አይገረሙ። «ኻምሳ» ብለው በኻ ይጻፉት፤ ለእስራኤሉ አነጋገርም የሚቀርበው እሱ ነው። ወይም «የመዳፍ ሀብል» ይበሉት።

ከጌጡ ጋር ካርድ የሚልኩ ከሆነ ደግሞ የሚጻፍበት ቃል በእጅዎ ነው። ሙሽራ ያየ፣ ሕፃን ያየ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚለው «ከዓይን ያውጣሽ» ነው፤ ለወንድ «ያውጣህ»፣ ለታላቅ «ያውጣዎ»፣ ለባልና ሚስት «ያውጣችሁ»። አውጪው እግዚአብሔር ነው፤ ስሙ ሳይጠራ ይታወቃል። ማተሚያ ቤት ሲሰጡ «ከ» እንዳትወድቅ አንዴ ደግመው ያንብቡ። «ዓይን ያውጣሽ» ከሆነ አውጪው ዓይን ሊሆን ነው፣ ከዚያም በላይ «ዓይን ያወጣ» የሚለው ስድብ በአጠገቡ ቆሟል።