ሴሉ ራሱ የሚያስገባው ፕሮቲን

ጥያቄ፦ የምሠራው ኖርዌይ ውስጥ የሳልመን ጫጩት የሚፈለፈልበት ጣቢያ ነው። ዓሳዎቹ ክንፋቸውና ጭራቸው ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ያወጡና ይሞታሉ። የእንስሳት ሐኪሟ «ሳፕሮሌግኒያ ነው፣ ፕሮቲኑን ዓሳው ሴል ውስጥ ያስገባል» አለችን። አፍ የለው፣ መርፌ የለው፣ እንዴት ነው የሚያስገባው? ፈንገስ ከሆነስ ለምን የፈንገስ መድኃኒት አይሰጠውም?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፣ አጭር ስለሆነ። ሳፕሮሌግኒያ ፈንገስ ይመስላል እንጂ አይደለም። ኦማይሴት ከሚባሉት ወገን ነው፤ በ1840ዎቹ አየርላንድን ያስራበው የድንች በሽታ ዘመዱ ነው። ብዙ የፈንገስ መድኃኒቶች የሚያነጣጥሩት ኤርጎስቴሮል የተባለ ቅባት ላይ ሲሆን ሳፕሮሌግኒያ ግን ያንን አይሠራም። ድሮ ማላካይት ግሪን የሚባል ማቅለሚያ ልክ ያስገባው ነበር። ለጤና አስጊ ሆኖ ለምግብ በሚውል ዓሳ ላይ ከተከለከለ በኋላ በሽታው አገረሸ።

ወደ ዋናው ስንመጣ፣ ውሃ ውስጥ የሚዋኙት ስፖሮች፣ ማለትም ዘር መሰል መራቢያዎቹ፣ ቆዳው ላይ ይለጠፉና ክር ያበቅላሉ፣ ክሩ ደግሞ ፕሮቲን ያመነጫል። ያ ፕሮቲን እንዲገባ ክሩ ሴሉን መውጋት አለበት ብለው አስበው ይሆናል። አያስፈልገውም! የስኮትላንዱ አበርዲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ኤችቲፒ 3 የሚባለውን ፕሮቲን ለብቻው፣ ተህዋሲው በሌለበት ለዓሳ ሴሎች ሰጧቸው፤ ገባ። ሴሉ ላይ ጂፒ 96 የሚባለውን ፕሮቲን የሚመስል ተቀባይ አለ፣ ፕሮቲኑ በዚያ እየተመራ ይሄዳል፣ ሴሉም ምግብ ወይም ሌላ ነገር ከውጭ እንደሚወስደው ሁሉ በትንሽ ከረጢት ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ለዚህ መግቢያ የሚያገለግለው የፕሮቲኑ ጭራ ላይ ያለ የአምስት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች) ቅደም ተከተል ነው።

ከረጢት ውስጥ ተዘግቶ ቢቀር ጉዳቱ ይህን ያህል ባልሆነ። እኔን በጣም የገረመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የዚያው ተህዋሲ ሌላ ፕሮቲን፣ ኤችቲፒ 1፣ መጥቶ ከከረጢቱ ያስወጣዋል። ይሄኛውም ቀላል አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት የዓሳን ሴል ለይቶ እንደሚገባና ለመግባትም ሰልፌት የተጣበቀበት ታይሮሲን የሚባል አሚኖ አሲድ እንደሚፈልግ ታይቷል። ኤችቲፒ 3 አንዴ ነፃ ከወጣ የሴሉን ኑክሊክ አሲድ መቆራረጥ ይጀምራል፣ ማለትም ሴሉ የራሱን ፕሮቲን የሚሠራበትን መመሪያ እየበላበት ነው።

ተስፋ አለው ወይ ካሉኝ፣ አለው። የ2018ቱን ጥናት የሠሩት ተመራማሪዎች ሞለኪውላዊ ወረንጦ በሚባሉ፣ ፕሮቲንን ቆንጥጠው በሚይዙ ውህዶች የኤችቲፒ 3ን መግቢያ ማገድ ችለዋል። ይህ የቤተ ሙከራ ውጤት ነው፣ ጣቢያችሁ ድረስ የመጣ መድኃኒት አይደለም። ስፖሩን መግደል ካልተቻለ ፕሮቲኑን ደጅ ማስቀረት የሚለው መንገድ ግን በእኔ እምነት ብዙ ገንዘብና ጉልበት ሊፈስበት ይገባል።

እስከዚያው እርስዎ ማድረግ የሚችሉት ከዚህ ሁሉ በፊት ያለውን ደረጃ መጠበቅ ነው፦ ዓሳው ላይ ያለውን ዝልግልግ ሽፋን። በመረብ ሲያዝ፣ ሲመዘን፣ ተጨናንቆ እርስ በርሱ ሲናከስ ያ ሽፋን ይላጣል፣ ስፖሩም የሚይዘው እዚያ ነው። የሞተ እንቁላል ደግሞ አይደር፣ በቶሎ ይለቀም፤ ክሩ መጀመሪያ እሱ ላይ ያድግና ጎን ያሉትን ጤነኞች ያዳርሳል።