«ከፊል ግርዶሽ» ወይስ «የስስ ጥላ ግርዶሽ»?

ጥያቄ፦ የሳይንስ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የካቲት 13 ቀን 2019 ዓ.ም. ሌሊት ከፊል የጨረቃ ግርዶሽ ይሆናል፤ በየ18 ዓመቱም ይደጋገማል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ባልደረባዬ «ከፊል አይባልም» አለኝ። ታዲያ ምን ልበል? «ዑደት» እና «ዙር»ስ ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። «ከፊል» ጥሩ ቃል ነው፤ እዚህ ግን ያለ ቦታው ገብቷል።

ከ«ግርዶሽ» ልነሳ። ሥሩ «ጋረደ» ነው፤ «መጋረጃ»ም ከዚሁ ወጥቷል። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኦሽ» በ«ጥሎሽ»፣ በ«ቅብብሎሽ»፣ በ«ድብብቆሽ»ም አለች። በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ የቃሉ ትርጉም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጨረቃ መጋረጃ ሆና ፀሐይን ትከልልብናለች። በጨረቃ ግርዶሽ ግን በእኛና በጨረቃ መካከል የገባ ነገር የለም። መጋረጃዋ የቆምንባት ምድር ናት። የምትጋርደው የፀሐይን ብርሃን ነው፤ ጨረቃ ላይ የሚያርፈውም ጥላዋ ነው።

ይህ ጥላ ደግሞ አንድ ወጥ አይደለም። ፀሐይ በጠራችበት ሰዓት ደጅ ይውጡና እጅዎን ከመሬት ከፍ አድርገው ይዘርጉ። የጥላው መሃል ጥቁር ነው፤ ጠርዙ ግን ደብዘዝ ይላል። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ስፋት አላት። ስለዚህ ጠርዙ ላይ ብርሃኗ ሙሉ በሙሉ አይቋረጥም። የምድር ጥላም እንዲሁ ነው። መሃሉ ድፍን ነው፤ ዙሪያው ስስ ነው።

«ከፊል የጨረቃ ግርዶሽ» የምንለው የጨረቃ አንድ ጎን ድፍኑ ጥላ ውስጥ ሲገባ ነው። ያኔ እንደተገመጠ ቂጣ ትመስላለች። እርስዎ በጻፉት ሌሊት ግን ጨረቃ ድፍኑን ጥላ ጭራሽ አትነካውም። ከወርዷ 93 በመቶ ያህሉ ስሱ ጥላ ውስጥ ይገባል፤ በቃ። በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አለፍ ሲል ይጀምራል። 8 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይበረታል፤ 10 ሰዓት አለፍ ሲል ያበቃል። የሚታየው ለውጥ አንድ ጎኗ ጠየም ማለቱ ነው። ተማሪዎችዎ «ከፊል» የሚለውን አንብበው የተገመጠች ጨረቃ ሲጠብቁ ቢያድሩ በጣም ያዝናሉ። የቃሉ ጉዳይ ቀላል ያልሆነው ለዚህ ነው።

አንዳንዶች «የከፊል ጥላ ግርዶሽ» ይላሉ። ስህተት አይደለም፤ እዚያ «ከፊል» የሚገልጸው ጥላውን ነው። ነገር ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ «ጥላ» ይዋጥና ተመልሶ «ከፊል ግርዶሽ» ይሆናል። እኔ «የስስ ጥላ ግርዶሽ» የሚለውን እመርጣለሁ። ስስ ደመና፣ ስስ ነጠላ እንላለን፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ማለታችን ነው። ማንም ሰው ሳይተረጎምለት ይገባዋል።

«ከፊል»ን ለሐምሌ 26 ቀን 2019 ያቆዩት። ያን ቀን የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ጅዳ ያሉ ወገኖቻችን ሙሉውን ያያሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከፊል ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሂድ። «ዙር» ይቆጠራል፤ አንደኛ ዙር፣ ሁለተኛ ዙር እንላለን። «ዑደት» ግን ዞሮ ወደ ተነሱበት መመለስ ነው። ከግእዙ «ዖደ» የመጣ ነው። ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር «ዑደት አደረገ» ይባላል። ዓመት ዞሮ የሚገጥምበት «ዐውደ ዓመት»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ለግርዶሽ የሚስማማው «ዑደት» ነው።

«በየ18 ዓመቱ» የሚለው ግን ይጎድለዋል። ሳሮስ የሚባለው ዑደት 223 የጨረቃ ወራት አሉት። ይህም 18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ ነው። ቀኖቹን ይመልከቱ፦ የካቲት 2 ቀን 2001፣ የካቲት 13 ቀን 2019፣ የካቲት 24 ቀን 2037። ሦስቱም የስስ ጥላ ግርዶሾች ናቸው። ያቺ 8 ሰዓት ደግሞ ቀላል አይደለችም፤ በእሷ ጊዜ ምድር ሲሦ ያህል ትዞራለች። የ2001ዱ ሲበረታ ለኢትዮጵያ ጨረቃ ገና አልወጣችም ነበር። የ2037ቱ የሚበረታው ደግሞ ረፋድ ላይ ነው፤ አናየውም።

በባሕረ ሐሳብ የለመድነው የ19 ዓመቱ ዐውደ አበቅቴ ከዚህ ይለያል። የካቲት 13 ቀን 1981 የጨረቃ ግርዶሽ ነበር። የካቲት 13 ቀን 2000ም ነበር። ሁለቱም ሙሉ ግርዶሾች ናቸው። 19 ዓመት ቆጥረን የካቲት 13 ቀን 2019 ስንደርስ የምናገኘው ስስ ጥላ ነው። 19ኙ ዓመት ቀኑን ይመልሳል፤ የግርዶሹን ዓይነት የሚመልሰው ሳሮስ ነው። ይህን ባሰላሁ ቁጥር ይደንቀኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። «የካቲት 13 ሌሊት» ብቻ ካሉ ዓርብ ማታ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። «አጥቢያ» የምትለዋ ቃላችን ለዚህ ትበጃለች። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ቢጽፉት ደስ ይለኛል፦

«ቅዳሜ የካቲት 13 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ የስስ ጥላ የጨረቃ ግርዶሽ ይሆናል። በሳሮስ ዑደት መሠረት አቻው ግርዶሽ ከ18 ዓመት ከ11 ቀን በኋላ ይመለሳል።»