ቅዳሜና እሁድ የማይመጣው ቁርጠት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። የ16 ዓመት ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ከጥር ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ይቆርጣታል። ቁርሷን ትታ ትወጣለች፣ አንዳንዴም ከታክሲ ሰልፍ ትመለሳለች። ቅዳሜና እሁድ ግን ደህና ናት። ጨጓራ ይሆናል ብለን አስመረመርናት፤ ምንም አልተገኘም። አሁን የትምህርት ቤቱ ጋይዳንስ (የተማሪዎች አማካሪዋ) ጠርታኝ «በሳምንት አንዴ እኔ ጋ ትምጣ» አለችኝ። እብድ ተብላ ስም እንዳይወጣላት ፈራሁ። ልፍቀድ ወይስ ይቅርባት?

መልስ፦ ይፍቀዱ።

ፍንጩን ራስዎ ጽፈውልኛል። የጨጓራ ቁስል ቅዳሜና እሁድን እየለየ አያርፍም። ልጅዎ ግን እያስመሰለች አይደለም። ሰው ሲጨነቅ አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ ይመታል፣ የአንጀት እንቅስቃሴ ይዛባል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ በምርመራ ግን ቁስል አይገኝም። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» የምንለው በከንቱ አይደለም።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በተመሳሳይ ችግር እኔ ጋ መጥታ ነበር። የሹራቧን እጅጌ እስከ አውራ ጣቷ ስባ ተቀመጠች። የምጠይቃትን ሁሉ እናቷ ይመልሳሉ። እናት ሊከፍሉ ወጣ ሲሉ ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «ክፍል ውስጥ ጮክ ብለሽ አንብቢ ስባል ነው» አለችኝ። አንድ ቀን ተሳስታ ተስቆባት ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው። የትምህርት ቤቷ ጋይዳንስ ከመምህሩ ጋር ተነጋገረች። መጀመሪያ ለጋይዳንሷ ብቻ፣ ቀጥሎ ለሁለት ጓደኞቿ፣ በኋላ ለክፍሉ አንድ አንቀጽ እያነበበች ተለማመደች። ይህን እኔ ክሊኒክ ቁጭ ብዬ ልሠራው አልችልም።

ጋይዳንስ መድኃኒት አታዝም፣ የበሽታ ስምም አትለጥፍም። ታዳምጣለች፣ ከመምህራን ጋር ታስማማለች፣ ከአቅሟ በላይ ሲሆን ወደ ሆስፒታል ትልካለች። እርስዎ ግን ሁለት ነገር ይጠይቋት። የሚያወሩት የት ነው? መምህራን የሚገቡ የሚወጡበት ክፍል ከሆነ ልጅ አፏን አትከፍትም። እንዴትስ ነው የምትጠራት? ተማሪ መሀል ስሟ ከተጠራ፣ የፈሩት ስም የሚወጣው ያኔ ነው። ልጅዎ የነገረቻትን ሁሉ ንገሪኝ ብለው ግን አያስጨንቋት። ምስጢሩ የሚወጣው ልጅዋ ራሷን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ ከሆነ፣ ወይም እሷን የሚጎዳት ሰው ካለ ነው።

እብድ ስለሚለው ቃል፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ከሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥመዋል። 50 ተማሪ ባለበት ክፍል ሰባት ገደማ መሆናቸው ነው። የእርስዎ ልጅ ብቻዋን አይደለችም። ጠበል መውሰድ ከፈለጉም ይውሰዷት፤ ጋይዳንስ ጋ መሄዷ ጠበሉን አያስቀርም።

ቤት ውስጥ ከባዱ ጠዋት ነው። «አሞኛል» ስትል ማስቀረት ያሳሳል፣ እኔም ወላጅ ነኝና ይገባኛል። ከቀረች ቁርጠቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሳይሞላ ይለቃታል፤ በማግስቱ ግን መሄዱ ይብስባታል። አርፍዳም ቢሆን ትሂድ።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከከፋት፣ ከጓደኞቿ ከራቀች፣ እንቅልፍ ካጣች ሐኪም ይያት። ዘውዲቱ፣ ጥቁር አንበሳና አማኑኤል ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። «ብሞት ይሻለኛል» ካለች ወይም ሰውነቷን እየቆረጠች ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ብቻዋን ሳይተዉ የዚያኑ ቀን ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። ከጠረጠሩ በቀጥታ ይጠይቋት። ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣባትም።

ከከሳች፣ የሚያስመልሳት ከሆነ፣ ወይም ቁርጠቱ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት ከሆነ ግን የሆዱ ምርመራ አላለቀምና መልሰው ያምጧት።