እግዚአብሔር በስልኬ እየተናገረኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ፒያሳ አካባቢ ነው የምሠራው። ባለፈው ሰሞን ስለ ዓይነ ጥላ የሚያስተምር አጭር ቪዲዮ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ቲክቶክ በከፈትኩ ቁጥር የእኔኑ ጉዳይ የሚናገር ትምህርት ሳልፈልገው ይመጣልኛል። ራስ ምታቴን፣ ዕዳዬን፣ ከባለቤቴ ጋር መጋጨቴን ሳይቀር። ቅዳሴ ላይ የሚነበበው ግን ከእኔ ሕይወት ጋር አልገናኝ ብሎኛል። እግዚአብሔር በዚህ መንገድ እየነገረኝ ይሆን? ምልክቱ ሁሉ ወደ ጎረቤቴ ስለሚያመለክት ቡናዋን መጠጣት ትቻለሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ «ሳልፈልገው መጣልኝ» የሚል ሰው አራት ኪሎም ጊዮርጊስም በር ላይ ያገኘኛል። ሳትፈልጊው አልመጣም። ስትፈልጊው ታይተሽ ነው የመጣው። ቲክቶክ የትኛው ቪዲዮ ላይ እንደቆየሽ፣ የቱን ደግመሽ እንዳየሽ፣ የቱን ለሰው እንደላክሽ ይመዘግባል። ዩቲዩብም በ2012 እ.ኤ.አ. ቪዲዮው ስንት ጊዜ ተከፈተ ከሚለው ይልቅ ስንት ደቂቃ ታየ የሚለውን ማስቀደም ጀምሯል። ወደሽም ቆየሽ ፈርተሽ፣ ለእሱ ያው ነው። ዓይንሽ ያረፈበትን ጨርቅ አይቶ ተመሳሳዩን እንደሚዘረጋልሽ የመርካቶ ነጋዴ ማለት ነው። ነጋዴው እንኳ «ሌላም ቀለም አለኝ» ይላል።

እስቲ የባለቤትሽን ስልክ ተቀብለሽ ክፈቺው። ምናልባት ኳስ ይሆናል የሚመጣለት። ታዲያ እግዚአብሔር ለአንቺ ስለ ዓይነ ጥላ፣ ለእሱ ስለ አርሰናል ነው የሚናገረው?

ክፉ መናፍስት የሉም እያልኩሽ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ታውቃቸዋለች፤ ጸሎቱም ጸበሉም አለ። ግን ራስ ምታትና ዕዳ «ምልክት» ከሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ ማን ይተርፋል? «ይህን ሳታዩ እንዳትተኙ» ብለው ርዕስ የሚሰጡ ወንድሞችም (የሚያሳዝነው ከእኛው መካከል ናቸው) ፍርሃት ተመልካች እንደሚያመጣ ደርሰውበታል።

የእስራኤልን ንጉሥ አክዓብን አስቢ። ሬማት ዘገለዓድ ሊዘምት ሲል 400 የሚያህሉ ነቢያት ሰበሰበ። ሁሉም በአንድ አፍ «ውጣ» አሉት። አብሮት የነበረውን የይሁዳ ንጉሥ ኢዮሣፍጥን ግን ይህ ሁሉ ስምምነት አላሳመነውም፤ ሌላ የእግዚአብሔር ነቢይ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። አክዓብም አንድ ሚክያስ የሚባል እንዳለ፣ መልካም ስለማይናገርለት ግን እንደሚጠላው ነገረው (1ኛ ነገ 22፥8)። አለማወቅ አልነበረም። መስማት ነው ያልፈለገው። ሚክያስ እውነቱን ተናግሮ እስር ቤት ገባ፤ ንጉሡም በዚያው ጦርነት ሞተ። አራት መቶ ሰው ሰምቶ የሰማው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስልክሽ ውስጥ ያሉትም መምህራን ብዙ ናቸው፤ የሚነግሩሽ ግን አንድ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ «እንደ ገዛ ምኞታቸው ለራሳቸው አስተማሪዎችን ያከማቻሉ» ያለውን (2ኛ ጢሞ 4፥3) ሌላውን ለመውቀስ ስንጠቅሰው ኖረናል። አሁን በየኪሳችን ገብቷል።

ስለ ቅዳሴው ደግሞ ልንገርሽ። የዕለቱን ንባብ የሚወስነው ግጻዌው ነው፤ በየትኛው ቀን ምን እንደሚነበብ የሚናገረው የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ማለት ነው። የጳውሎስ መልእክት፣ የሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ግብረ ሐዋርያት፣ ምስባኩ (ከወንጌል በፊት የሚዜመው የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ)፣ ወንጌሉ፤ ተናደሽ መጣሽ ደስ ብሎሽ፣ የዕለቱ የዕለቱ ነው። አጠገብሽ የቆመችው ልጇን የቀበረች እናትም፣ በቅርቡ ያገባው ወጣትም ያንኑ ይሰማሉ። ስለ ጎረቤትሽ ክፋት መስማት ባማረሽ ቀን ደጉ ሳምራዊ ይነበብልሽ ይሆናል። «ከእኔ ጋር አይገናኝም» ያስባለሽ እኮ ይኸው ነው፤ አንቺ የመረጥሽው አይደለም። ስልኩ ላይ ቢሆን በጣትሽ ገፋ አድርገሽ ታልፊው ነበር። ቅዳሴ ላይ ገፋ ማድረግ የለም።

ስልክሽን ወርውሪው አልልሽም። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ዓይነ ጥላ የሚመጣውን እንደማትፈልጊ ምልክት አድርጊበት፤ እያደር ይቀንሳል። ጠዋት ቲክቶክን ከመክፈትሽ በፊት የዕለቱን ወንጌል አንብቢ፣ ባይጥምሽም። ራስ ምታቱን ሐኪም ይየው። ጥርጣሬሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ እሳቸው አንቺንም ቤትሽንም ያውቃሉ።

ጎረቤትሽ ጋ ለመሄድ ግን እሳቸውን እስክታገኚ አትጠብቂ። ምን እንዳጠፋች እንኳ ሳታውቅ ነው የተውሻት። ቡና ስታፈላ ግቢ፣ ልጆቿን ጠይቂ፣ እስከ በረካው ቁጭ በዪ።