ከአጎትህ ሳጥን ስለወጣው ሱፐርማን

መጀመሪያ ማስመሪያ አምጣና ለካው። ደብረ ማርቆስ አጎትህ ሳጥን ውስጥ ያገኘኸው፣ ሱፐርማን መጀመሪያ የወጣበት የኮሚክ መጽሔት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 የእውነት የ1938 (እ.ኤ.አ.) ይሁን ቅጂ፣ ቁመቱ ብዙ ይነግርሃል።

ዋናው 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 34 አካባቢ ከደረሰ በ1974 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ትልቁ ድጋሚ እትም ነው። እሱ ከላይ ሌላ ሽፋን ነበረው፤ ያ ሲገነጠል የድሮው ሽፋን ከነ10 ሳንቲም ዋጋው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። 27 ቢሆንም ቶሎ አትጨፍር፣ በዚያው መጠን የተባዛም አለ።

ቅጂ ሆኖ ቢገኝም እንዳትጥለው! ሽፋኑ ላይ አረንጓዴዋ መኪና በሱፐርማን እጅ ከድንጋይ ጋር ስትላተም፣ ከፊት ያለው ሰውዬ ራሱን ይዞ ሲሮጥ... እኔ እስከ ዛሬ አልጠገብኩትም።

የተቀደደ ገጽ ካለው ግን በስኮች አትለጥፈው። ባሕር ዳር እያለሁ አንድ የ12 ሳንቲም የካውቦይ ኮሚክ ለጥፌ፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ሙጫው ቡናማ ሆነ። ልልጠው ስል የፈረሱን ጭንቅላት ይዞት መጣ። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀህ አጋድመህ አስቀምጠው።

ቁመቱን ለክተህ ጻፍልኝ።