ቲኬት፣ ሰዓትና ፓስወርድ፦ የኬርቤሮስ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከገቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው ኬርቤሮስ ላይ ስለሚያርፉ አንድ ላይ ልመልሳቸው። ስሙን ለማታውቁት፣ ኬርቤሮስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አቴና በሚባል ፕሮጀክት የተሰራ የሎጊን ፕሮቶኮል ነው። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ለአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የቢሮ ዩዘሮችንና ኮምፒውተሮችን አንድ ላይ ለሚያስተዳድረው ሲስተም) ዋናው አርጎ ስለወሰደው ቢሯችሁ ዶሜን ካለው ሳታውቁት በየቀኑ እየተጠቀማችሁበት ነው። አሰራሩ መስሪያ ቤት በር ላይ እንደሚሰጠው ባጅ በሉት፣ ጠዋት አንዴ መታወቂያህን (ፓስወርድህን ማለቴ ነው) ታሳያለህ፣ ኬዲሲ የሚባለው ሰርቨር የቀን ባጅ ይሰጥሃል፣ ከዛ በኋላ ፋይል ሰርቨር ጋ በለው ፕሪንተር ጋ ስትሄድ ባጁን እንጂ መታወቂያውን የሚጠይቅህ የለም፣ ፓስወርድህም ኔትወርክ ላይ አይዞርም። ባጁ ቲኬት ይባላል። ቲዎሪው እዚህ ላይ ይብቃን።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ፋይል ሰርቨራችን ማንንም አላስገባ አለ። ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ሎጊን ያረጋል፣ ሌላው ነገር ይሰራል፣ እዛ ሰርቨር ላይ ብቻ ፓስወርድ እየደጋገመ ይጠይቃል። የሁሉንም ፓስወርድ ሪሴት አረግን፣ ያው ነው። ሰርቨሩ ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ነው። (አዳማ)

መልስ፦ ፓስወርዱን ተዉትና ሰዓቱን እዩ። ኬርቤሮስ አንድ ሰው ቲኬት ሰርቆ በኋላ እንዳይጠቀምበት እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ሰዓት ይለጥፋል፣ በላኪውና በተቀባዩ ሰዓት መሀል ያለው ልዩነት ካልነካካችሁት በቀር ከ5 ደቂቃ ካለፈ አልቀበልም ይላል። አንዳንድ ክላየንት ልዩነቱን አስልቶ ለማቻቻል ይሞክራል፣ አገልግሎቱን የሚሰጠው ሰርቨር ግን አይምርም። ሎጉን ብትከፍቱት ስለ ሰዓት መራራቅ የሚያወራ መስመር ታገኛላችሁ፣ ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ ግን ፓስወርድ መጠየቂያ ሳጥን ሆኖ ስለሚወጣ ሰው ሁሉ ፓስወርድ ላይ ይረባረባል።

እኛ ሀገር ይሄ ችግር የሚመጣባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። አንደኛው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ (ሲአር2032 የምትባለው) ሞታ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ቀን ሲመለስ ነው፣ ያው የናንተም ይሄ ይመስለኛል። ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። ኡቡንቱ ሰርቨር ሲጫን ታይምዞኑን ካልቀየርክለት ዩቲሲ (ከኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ የሆነው የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9፡00 ሲሆን እሱ 6፡00 ያሳያል፣ ይሄን ያየ ሰው "ሰዓቱ ተበላሽቷል" ብሎ በእጁ 9፡00 ያረገዋል። አሁን ስክሪኑ ላይ ያለው ልክ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሰርቨሩ 3 ሰዓት ወደፊት ሄዷል፣ ምክንያቱም ኬርቤሮስ የሚያወራው በዩቲሲ ብቻ ነው። መቀየር የነበረበት ሰዓቱ ሳይሆን ታይምዞኑ ነበር፣ አፍሪካ ስር አዲስ አበባ የሚለውን ትመርጣላችሁ። ሶስተኛው ደግሞ የሀበሻ ሰዓት የሚወድ ሰው ኮምፒውተሩን 6 ሰዓት ወደኋላ ሲመልሰው ነው። ሳቁ፣ ግን ቢሯችሁ ውስጥ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ።

መፍትሄው፣ ሁለቱም ማሽን ላይ ዴት የሚለውን ትእዛዝ ከዩ አማራጭ ጋር አስኪዱት፣ ዩቲሲውን ያሳያችኋል፣ ከተለያየ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። ባትሪውን ቀይሩ፣ ከዛ ክሮኒ (ሰዓት የሚያመሳስል ፕሮግራም) ጫኑና ሁሉም ማሽን ሰዓቱን ከኬዲሲው እንዲወስድ አርጉት፣ ኬዲሲው ደግሞ ኢንተርኔት ሲኖር ከውጪ ይውሰድ። ኢንተርኔቱ ለሳምንት ቢጠፋና ሁላችሁም አንድ ላይ 20 ደቂቃ ብትሳሳቱ ኬርቤሮስ ግድ የለውም፣ የሱ ጉዳይ እኩል መሆናችሁ ላይ ነው። ሪሴት የተደረገባቸውን ሰዎች ደግሞ ይቅርታ በሏቸው።

ጥያቄ፦ ሪያልም ስም በትልቅ ፊደል ነው በትንሽ የሚጻፈው? ሁለቱንም አይቻለሁ።

መልስ፦ ሪያልም ማለት አንድ ኬዲሲ የሚያስተዳድረው ክልል ስም ነው፣ በትልቅ ጻፈው። ግዴታ ሳይሆን ልማድ ነው፣ ግን ኬርቤሮስ ትልቅና ትንሹን እንደተለያየ ስም ስለሚያይ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ አንዱ ቦታ ትልቅ ሌላው ቦታ ትንሽ ካረክ ሪያልሙን አላገኘሁትም ይልሃል። የዲኤንኤስ (የማሽን ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው) ዶሜኑ በትንሽ፣ ሪያልሙ በትልቅ፣ ዶሜን ሪያልም የሚለው ክፍል ውስጥ ሁለቱን ታገናኛቸዋለህ፣ እዛ ላይ ነጥብ ያለውንም ነጥብ የሌለውንም መስመር አስገባ።

ጥያቄ፦ ኪኒት ሰርቶልኛል፣ ኬሊስት ቲኬቱን ያሳያል፣ ኤስኤስኤች ሳረግ ግን አሁንም ፓስወርድ ይጠይቀኛል። ሁለት ቀን ተቀመጥኩበት እባክህ። (ሐዋሳ፣ የኮሌጅ ላብ)

መልስ፦ አይዞህ እህቴ/ወንድሜ (ጾታህን አልጻፍክም)። ለሌሎቻችሁ፣ ኪኒት ቲኬት መውሰጃ፣ ኬሊስት ያሉህን ቲኬቶች ማሳያ ትእዛዝ ነው፣ ኤስኤስኤች ደግሞ ከርቀት ሌላ ማሽን ውስጥ መግቢያ። በመጀመሪያ በአይፒ አድራሻ ነው የምትገባው? ከሆነ ተወው፣ ቲኬት የሚቆረጠው በስም ነው፣ ሙሉ የሆስት ስሙን ጻፍ። ጂኤስኤስኤፒአይ ኦተንቲኬሽን የሚለው (ኤስኤስኤች በቲኬት እንዲያስገባ የሚያረገው) መስመር ሰርቨሩም ክላየንቱም ላይ የስ መሆኑንም እይ። ከዛ ሞክረህ ሲያቅትህ ተመልሰህ ኬሊስት በል። በሆስት የሚጀምር ሁለተኛ ቲኬት (የጠዋቱን ባጅ አሳይተህ ለዛ ሰርቨር ብቻ የሚቆረጥልህ) ከሌለ ችግሩ ስም ላይ ነው፣ ማሽኑ ከአይፒው ወደ ስም ተመልሶ ሲፈልግ ሌላ ስም አግኝቶ ኬዲሲው ደግሞ እንዲህ የሚባል አላውቅም ብሎታል። ሪቨርስ ዲኤንኤስ በሌለበት ላብ ይሄ የተለመደ ነው፣ ኮንፊጉ ላይ አርዲኤንኤስ የሚለውን ፎልስ አርገው፣ ሆስትስ ፋይል ላይም ከአይፒው ቀጥሎ ሙሉው ስም ይቅደም፣ አጭሩ ይከተል።

ቲኬቱ ካለ ግን ችግሩ የሰርቨሩ ኪይታብ ላይ ነው፣ እዚህ ጋ ቆም በል። ኪይታብ ማለት ሰርቨሩ የራሱን ቁልፍ የሚያስቀምጥበት ፋይል ነው፣ ኬቲአድ በሚለው ትእዛዝ ታወጣዋለህ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ይሄን ትእዛዝ በሰጠህ ቁጥር ኬዲሲው አዲስ ቁልፍ ይፈጥራል፣ የቁልፉ ቁጥር በአንድ ይጨምራል፣ ድሮ ያወጣኸው ፋይል ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ላብ ውስጥ ሁለት ሰው እየተፈራረቀ ሲሰራ አንዱ "ለጥንቃቄ" ብሎ ሌላ ማሽን ላይ እንደገና ያወጣዋል፣ የመጀመሪያው ይሞታል፣ ማንም አልነካሁም ይላል። ኬሊስትን በኬ አማራጭ አስኪደው ፋይሉ ውስጥ ያለውን ቁጥር እይ፣ ኬቪኤንኦ በሚለው ትእዛዝ ደግሞ ኬዲሲው የሚለውን ቁጥር እይ። ካልገጠሙ አንዴ አውጣና ፋይሉን ኮፒ አርገው፣ ወይ ኬዲሲው ማሽን ላይ ሆነህ ኖራንድኪ በሚለው አማራጭ ቁልፉ ሳይቀየር አውጣው።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ፓስወርድ በየ30 ቀኑ ይቀየር፣ ምልክትም ቁጥርም ትልቅ ፊደልም ይኑረው ብለዋል። ሰራተኛው ሊበላኝ ነው። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

መልስ፦ አለቃህ የድሮውን መጽሐፍ ነው የያዙት። የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ኒስት በፈረንጅ 2017 ባወጣው መመሪያ ተሰርቋል የሚል ምልክት ከሌለ በስተቀር በየጊዜው ቀይሩ ብላችሁ ሰው አታስገድዱ፣ የምልክትና የቁጥር ጋጋታም አትጠይቁ ብሏል፣ ማይክሮሶፍትም በ2019 የፓስወርድ ማብቂያ ቀን የሚለውን ከዊንዶውስ የሴኩሪቲ ቤዝላይኑ (ከሚመክራቸው የሴኩሪቲ ሴቲንጎች ዝርዝር) አውጥቶታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ በየወሩ ቀይር የተባለ ሰው መስከረም1፣ ጥቅምት2፣ ህዳር3 እያለ ነው የሚሄደው፣ አንዱን ያወቀ ዓመቱን ሙሉ አወቀ። ሌላው ደግሞ ኪቦርዱ ስር ወረቀት ይለጥፋል። ኦዲተር ወይም ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት በጽሁፍ ካስገደዳችሁ ግን ያው ትፈጽማላችሁ፣ እሱ ሌላ ነው።

እኔ ብሆን ኬአድሚን (የኬርቤሮስ ማስተዳደሪያ ትእዛዝ) ላይ አንድ ፖሊሲ እሰራለሁ፣ ትንሹ ርዝመት 14፣ ድሮ የነበሩትን እንዳይደግም ሂስትሪ፣ ማብቂያ ቀን የለም፣ 10 ጊዜ ከተሳሳተ ለ15 ደቂቃ ይቆለፍ። ከ3 ሙከራ በኋላ የሚቆልፉ ቢሮዎች ራሳቸውን ነው የሚቀጡት፣ ሰኞ ጠዋት አይቲ በር ላይ ሰልፍ። ደግሞ መቆለፊያው እንዲሰራ ዩዘሮቹ ላይ ፕሪኦት ግዴታ መሆን አለበት። ፕሪኦት ማለት ኬዲሲው መልስ ከመስጠቱ በፊት ጠያቂው ፓስወርዱን ማወቁን የሚያጣራበት ነው። ከሌለ ማንም ኔትወርኩ ላይ ያለ ሰው በሌላ ሰው ስም መልስ ተቀብሎ ቤቱ ወስዶ ተረጋግቶ ፓስወርዱን ሲገምት ያድራል፣ እናንተ መቆለፊያው ላይ ምንም አታዩም። ዊንዶውስ ላይ ከመጀመሪያው በርቶ ነው የሚመጣው፣ ከኤምአይቲ የሚወጣው ኬርቤሮስ ላይ ግን ራሳችሁ ማብራታችሁን አረጋግጡ።

የሰው ሳይሆን የሰርቪስ አካውንቶች (ፕሮግራሞች የሚሰሩባቸው) ናቸው ይበልጥ የሚያሳስቡኝ። የዳታቤዝ አካውንት ተብሎ ከስንት ዓመት በፊት በአጭር ፓስወርድ የተፈጠረ አለ አይደል? ማንኛውም ተራ ዩዘር ለዛ ሰርቪስ ቲኬት ጠይቆ ቲኬቱን ከኔትወርክ ውጪ ሆኖ ሊሰብረው ይችላል፣ በተለይ አርሲ4 በሚባለው አሮጌ ኢንክሪፕሽን ከሆነ፣ እሱ ደግሞ ለኬርቤሮስ አትጠቀሙበት የተባለው ከፈረንጅ 2018 ጀምሮ ነው። በሱ ፋንታ ኤኢኤስ የሚባለው ጠንካራ ኢንክሪፕሽን ብቻ ይሁን፣ ቁልፉም ሰው ያልጻፈው ማሽን የፈጠረው ረጅም ይሁን። አለቃህ የሆነ ነገር መቀየር ከፈለጉ እዚህ ጋ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ፓስወርዴን በአማርኛ ፊደል ባረገው ችግር አለው? ፈረንጅ ሀከር አይገምተውም ብዬ ነው።

መልስ፦ ሀሳቡን ወድጄዋለሁ ግን አታርገው። ሎጊን ስክሪኑ ላይ የግዕዝ ኪቦርድ ላይኖር ይችላል፣ ሌላ ማሽን ላይ ስትሄድ ደግሞ በጭራሽ። ፓስወርድ ስትጽፍ ነጠብጣብ እንጂ ፊደል ስለማታይ ሀሌታው ሀ ነበር ሐመሩ ሐ፣ ፀሐዩ ፀ ነበር ጸሎቱ ጸ፣ እሱን ስታስታውስ ትውላለህ። አድሚን ለሆናችሁም አንድ ነገር፣ ኤምአይቲ ኬርቤሮስ ርዝመት የሚቆጥረው በባይት ነው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ስለሆነ 8 ያላችሁት ገደብ በሶስት ፊደል ያልፋል። ይልቅ የማይገናኙ አራት አምስት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ደርድረህ ጻፍ፣ ይረዝማል፣ አትረሳውም፣ የትም ኪቦርድ ላይ ይጻፋል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰራተኛ ለቆ አካውንቱን ጠዋት ዘጋሁት፣ ከሰዓት ግን ሼርድ ፎልደር ውስጥ ፋይል ሲከፍት አየሁት። ሲስተሙ ተሰብሮ ነው?

መልስ፦ አልተሰበረም፣ እንዲህ ነው የተሰራው። ባጁን ተቀብሏላ! ፋይል ሰርቨሩ ቲኬቱን ሲያይ ኬዲሲውን ደውሎ አይጠይቅም፣ ቲኬቱ ራሱ ማስረጃ ነው፣ የእድሜው ልክ ደግሞ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ላይ ካልተነካ 10 ሰዓት ነው። ዊንዶውስ ኬዲሲ አዲስ የሰርቪስ ቲኬት ሲጠየቅ ዋናው ቲኬት (የጠዋቱ ባጅ) ከ20 ደቂቃ በላይ ከሆነው አካውንቱ መዘጋቱን ያያል፣ ቀድሞ በእጁ የገባውን ግን አይነጥቀውም። ስለዚህ ሰው በጸብ ሲለቅ አካውንት መዝጋት ብቻ አይበቃም፣ ፋይል ሰርቨሩ ላይ የተከፈተውን ሴሽን ቁረጥ፣ ላፕቶፑን ተቀበል። ለሂሳብ ክፍልና ለመሳሰሉት የቲኬቱን እድሜ ማሳጠርም ይቻላል፣ ነገር ግን 1 ሰዓት ካረከው ኬዲሲው ትንሽ በተኛ ቁጥር ቢሮው ሙሉ ይቆማል፣ እንደመብራታችሁ ሁኔታ ወስን።

ጥያቄ፦ ሌሊት ባክአፕ የሚሰራ ስክሪፕት አለኝ፣ ቲኬቱ መሀል ላይ ያልቅበትና ይቆማል። ፓስወርዴን ስክሪፕቱ ውስጥ ጽፌ ኪኒት ባስደርገውስ? (ዱባይ)

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! በራስህ ስም አታስኪደው፣ ለባክአፑ ብቻ የሚሆን ፕሪንሲፓል (የኬርቤሮስ አካውንት) ፍጠር፣ ኪይታብ አውጣለት፣ ስክሪፕቱ ሲጀምር ኪኒት በዛ ፋይል ያለ ፓስወርድ ቲኬት ይወስዳል። ስራው ከቲኬቱ እድሜ በላይ የሚረዝም ከሆነ ኬ5ስታርት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ ከጎን ሆኖ ሊያልቅ ሲል አዲስ እያወጣ ይቆያል። ኪይታቡን ባክአፕ የሚሰራው ዩዘር ብቻ እንዲያነበው ፐርሚሽኑን 600 አርገው፣ ባክአፑ ራሱ ኪይታቡን አብሮ ኮፒ እንዳያረገውም ከዝርዝሩ አስወጣው።