የጤና አዳም ዘይት ለከበደች ላም?

ጥያቄ፦ ከሰቃ ጨቆርሳ ነው የምጽፍልዎ። ላሜ የ6 ወር እርጉዝ ናት። አልፎ አልፎ ሆዷ ይነፋል። ጎረቤቴ ጅማ ገበያ የገዛችውን የጤና አዳም ዘይት አምጥታ «በውሃ በጥብጠሽ አጠጪያት» አለችኝ። ጠርሙሱ ላይ «መቶ በመቶ የተፈጥሮ» ይላል። ቡና ላይ ጣል እያደረግን የምንጠጣው ነገር ላም ይጎዳል እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ አያጠጧት።

ሲኒ ላይ የሚጥሏት ቅርንጫፍና ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዘይት በስም እንጂ በጉልበት አይገናኙም። 100 ኪሎ እርጥብ ጤና አዳም በእንፋሎት ቢነጠር፣ የሚገኘው ዘይት ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ማለት እንግዲህ ከአንድ ኪሎ በላይ ቅጠል ነው። ቡናዎ ላይ አንድ ኪሎ ጤና አዳም ጨምረው ያውቃሉ?

የዘይቱ ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች 2-አንዴካኖንና 2-ኖናኖን ይባላሉ። ያ የሚሰነፍጥ ሽታ በአብዛኛው የነሱ ነው። መጠናቸው እንደ አፈሩና እንደ አጨዳው ጊዜ ስለሚለያይ ሁለት ጠርሙስ እኩል አይሆንም። 2-አንዴካኖን ነፍሳት በማባረር ጎበዝ ነው። ጤና አዳም በብዛት ሲጠጣ ግን አንጀት ያቃጥላል፣ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል፣ ማህፀን ያነሳሳል። ከጥንት ጀምሮ ጽንስ ለማስወረድ ሲጠጣ የኖረ ተክል ነው፤ በዚሁ ሰበብ ሕይወታቸው ያለፈ ሴቶችም አሉ። የላምዎም ጽንስ ሊጨነግፍ ይችላል።

«የተፈጥሮ» የሚለው ጽሑፍ አያታልልዎ። ቡናችንን የሚያጠላው ብርብራም የተፈጥሮ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ሲገባ ግን ዓሣ ይፈጃል።

ቅጠሉም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፉራኖኩማሪን የሚባል ነገር አለው፤ ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። አንድ ልጅ እጅጌውን ሰብስቦ በጠራራ ፀሐይ ሲያጭድ ውሎ በማግስቱ ክንዱ ውሃ ቋጥሮ አይቻለሁ። እናቱ የፈላ ውሃ የደፋበት መስሏት ነበር። እጅጌ ያለው ልብስ ይልበሱ፣ ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ።

አሁን ወደ ሆዷ። የግራ ጎኗ ተወጥሮ ሲመቱት እንደ ከበሮ የሚጮህ ከሆነ መኖ ይከልክሏት፣ ፊቷን ወደ ዳገቱ አድርገው ያቁሟት፣ ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሷት። እርጥብ ለምለም መኖ በልታ ከሆነ አረፋው እንዲበርድ ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የኑግ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት ያጠጧት። አንገቷን ሽቅብ አይጠምዝዙ፣ ምላሷንም አይጎትቱ፤ ዘይቱ ሳንባ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ካሳላት ያቁሙ። ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ ምንም ሳያጠጡ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ሲደውሉ እርጉዝ መሆኗን አስቀድመው ይንገሩት፤ ከክሊኒክ መድኃኒቶችም ለከበደች ላም የማይሆኑ አሉ።